ማስታገሻ ሲመረጥ፦ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፍናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን ወይስ ፓራሲታሞል?

ጥቅምት ላይ ነው፤ የገበያ ቀን። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ደብረ ብርሃን ውስጥ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ጉልበታቸውን ይዘዋል። ባንኮኒውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ልጄ፣ ያችን ኃይለኛዋን ስጪኝ» አሉኝ። «የቷን አባባ?» ስላቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ከቋጠሮው ግማሹ ያለቀ የዲክሎፍናክ ስትሪፕ ወጣ። ቀጥሎ በወረቀት የተጠቀለሉ የኢንዶሜታሲን እንክብሎች። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች የልጅ ልጃቸው የላከችው አድቪል፣ ማለትም ኢቡፕሮፌን። ጠዋት አንዱን፣ ቀን ሌላውን፣ ማታ ሦስተኛውን ይወስዳሉ። «እያፈራረቅሁ ነው፣ ሰውነቴ አንዱን እንዳይለምደው» አሉኝ።

ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን የነገራቸው ሰው የለም። ፊታቸው አመድ መስሏል። የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ዝቅ አድርጌ ባየው ነጥቷል። «ሰገራዎ እንዴት ነው አባባ?» አልኳቸው። አፍረው ዝም አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንደ ቅጥራን ጠቁሯል፤ ተልባ ስለማበዛ ነው» አሉ። ተልባ ሰገራን ቅጥራን አያስመስልም። ያን ዕለት ከገበያው በቀጥታ ሆስፒታል ገቡ፤ ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ።

ይህን የምጽፈው «ኃይለኛዋን ስጪኝ» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ ስለምሰማው ነው። የማስታገሻ ክኒኖች በትክክለኛው መጠን ሲወሰዱ ሕመም በመቀነስ ብዙም አይበላለጡም። በሰፊው የሚለያዩት በሚጎዱት ቦታ ነው፤ አንዱ ጨጓራን ያጠቃል፣ ሌላው ልብን ያሰጋል፣ ሌላው ጭንቅላት ያዞራል፣ አንዱ ጉበት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሲመርጡ መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው «የእኔ ደካማ ጎን የቱ ነው?» ብለው ነው።

ውስጥ ገብተው የሚሠሩት ምንድን ነው

ጉልበት ሲያብጥ፣ ጥርስ ሲመረቅዝ፣ ቁርጭምጭሚት ሲወለም፣ በተጎዳው ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመረታል። ቦታውን የሚያቀላው፣ የሚያሞቀው፣ የሚያሳብጠውና የሕመም ነርቮችን ስል የሚያደርገው እሱ ነው። ፕሮስታግላንዲንን የሚሠራው ኮክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን ይህን ምርት እንደሚያቆም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አስፕሪን ገበያ ላይ የወጣው ግን በ1899 ነው። ከ70 ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ አሠራሩን ሳያውቅ ሲውጠው ኖሯል ማለት ነው።

ኮክስ ሁለት ዓይነት ነው። ኮክስ አንድ ዓመት ከዓመት ቤት ውስጥ እንደሚኖር ሠራተኛ ነው፤ ጨጓራ በገዛ አሲዱ እንዳይቃጠል የሚሸፍነውን ዝልግልግ ሽፋን ያስጠብቃል፣ ስንቆረጥም ደም ቶሎ እንዲረጋ ይረዳል። ኮክስ ሁለት በአብዛኛው እንደ ደቦ ነው። ጉዳት ሲኖር ተጠርቶ ይመጣል፣ ብግነቱን ያፋፍማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል። ኩላሊት ደም እንዳያጥረው የሚጠብቁት ደግሞ ሁለቱም በአንድነት ናቸው።

ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፍናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ አስፕሪን ሁሉም ሁለቱን ኮክሶች ያስቆማሉ፤ ልዩነቱ የቱን አብዝተው እንደሚያስቆሙ ነው። ደቦው ሲበተን ሕመሙ ይበርዳል። የቤት ሠራተኛው አብሮ ሥራ ሲያቆም ደግሞ ጨጓራው ያለ ልብስ ይቀራል። ሦስት መድኃኒት ማፈራረቅ የመንዙን አባት ለምን እንደጎዳቸው ከዚህ ይታያል፤ ሦስቱም ያንኑ ሠራተኛ ነው የሚያስቆሙት። ማስታገሱ አይደመርም፣ ጉዳቱ ግን ይደመራል።

የማስታገስ ኃይላቸው ጣሪያ እንዳለውም ልብ ይበሉ። ኢቡፕሮፌን ለተራ ሕመም 400 ሚሊ ግራም ላይ ሲደርስ የማስታገስ አቅሙን ከሞላ ጎደል ጨርሷል። 800 ቢውጡ ብዙ የተለየ እፎይታ አያገኙም፤ ጨጓራውና ኩላሊቱ ግን የሁለት እጥፉን ሸክም ይሸከማሉ።

ከቤተሰቡ ውጭ ያለው ፓራሲታሞል

ፓራሲታሞል ትኩሳት ያወርዳል፣ ሕመም ይቀንሳል፣ እብጠትን ግን እዚህ ግባ የሚባል አይነካም። ጨጓራ አያቆስልም፣ ኩላሊትን በተለመደው መጠን አያስጨንቅም፣ ባዶ ሆድ ላይም መውሰድ ይቻላል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 500 ወይም 1000 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳይበልጥ። ሰውነታቸው ለቀጠነ፣ ለደከሙ አረጋውያንና አዘውትረው ለሚጠጡ ሰዎች 4 ግራም ይበዛል፤ ለእነሱ 2 ግራም አካባቢ ላይ እንዲቆሙ እመክራለሁ።

ብዙ ሰው «ፓናዶልማ ውኃ ነው» እያለ ይንቀዋል። ይህ ንቀት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ለራስ ምታት፣ ለትኩሳት፣ እብጠት ለሌለው ሕመም ከሁሉ በፊት የምሰጠው እሱን ነው። የሚያስፈራው ጉበት ላይ ነው። ማታ አረቄ የቀማመሰ ሰው ጠዋት ለራስ ምታቱ በላይ በላይ ሲውጠው ጉበቱ ሊወድቅ ይችላል፤ መርዙ ሲሠራም በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። የጉንፋን ክኒኖች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ ሰው መጠኑን ሳያውቀው ያልፋል።

ፓራሲታሞል መንገዱ የተለየ ስለሆነ ከኢቡፕሮፌን ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል። ለጥርስ ሕመም ኢቡፕሮፌን 400 ከፓራሲታሞል 1000 ጋር ሲደመር ከሁለቱ ለየብቻቸው የተሻለ ያስታግሳል። እያፈራረቁ መውሰድ ለሚወድ ሰው እንግዲህ የሚፈራረቁት እነዚህ ናቸው። ዲክሎፍናክና ኢቡፕሮፌን ግን መቼም አብረው አይሄዱም።

ዘመዳሞቹ ሲነጻጸሩ

ኢቡፕሮፌን በዝቅተኛ መጠን ከዘመዶቹ ሁሉ ለጨጓራ የሚራራው ነው። ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በ6 ወይም በ8 ሰዓት ልዩነት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሳይበልጥ። ውለምታ፣ የጥርስ ሕመም፣ በአጨዳ የተቀጣ ወገብ፣ የወር አበባ ቁርጠት፣ ለእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። የወር አበባ ቁርጠትን ለብቻው ላንሣው፤ ማሕፀንን የሚያኮማትረው ራሱ ፕሮስታግላንዲን ስለሆነ ኢቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሲን ከፓራሲታሞል የበለጠ ይረዳል፤ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ እንደጀመረ ቢወሰድ ደግሞ የተሻለ። «ቡና ጠጪና ተኚ» የሚባሉ ልጃገረዶች ይህን ቢያውቁ ብዙ የትምህርት ቀን ይተርፍላቸዋል።

ዲክሎፍናክ አገሩ ሁሉ የሚወደው ነው። 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከ150 ሳያልፍ። ከደም ቶሎ ይጠፋል፣ ባበጠ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይስማማል። ነውሩ ልብ ላይ ነው። ኮክስ ሁለትን ይበልጥ ስለሚጫን የልብ ድካምና የአንጎል ምት አደጋን ከኢቡፕሮፌን ዝቅተኛ መጠንና ከናፕሮክሲን በላይ ያሳድጋል። ልባቸውን ለታመሙ፣ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች ዲክሎፍናክ አይሰጥም። የልብ ሕመም ይዟቸው «የለመድኩትን ዲክሎ» የሚሉኝን ሰዎች ዝም ብዬ መሸኘት አልችልም። ሌላው፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ክኒን አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ ተብሎ የተሸፈነ ነውና አይሰበርም፣ አይፈጭም።

ኢንዶሜታሲን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ የቆየ መድኃኒት ነው። ብግነትን አጥብቆ ይመታል፣ በተለይ ለእውነተኛው ሪህ። ነገር ግን ጨጓራ ላይ ከባድ ነው፤ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ አረጋውያንን ያደናግራል። እርከን ለእርከን የሚወጣና የሚወርድ ሽማግሌ በዚህ ክኒን ዞሮበት ቢወድቅ የጭን አጥንት ስብራት ይከተላል። ዕድሜው ከ65 ላለፈ ሰው እኔ አልመርጠውም። ፒሮክሲካምም እንደዚሁ፤ በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ጉዳት ቢያመጣ ቶሎ አይለቅም።

ናፕሮክሲን በደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በ12 ሰዓት አንዴ ይበቃል፤ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ግራም። ልብ ላይ ያለው ስጋት ከዘመዶቹ ያነሰ ነው፤ ጨጓራ ላይ ግን ከኢቡፕሮፌን ይብሳል። ሜሎክሲካም በቀን አንዴ 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ነው። ሴሌኮክሲብ ኮክስ ሁለትን ብቻ ለይቶ እንዲመታ የተሠራ ስለሆነ ለጨጓራ የተሻለ ነው፤ ሆኖም የቅርብ ዘመዱ ሮፌኮክሲብ የልብ ድካም አብዝቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዓለም ገበያ ተነሥቷልና ለልብ ሕመምተኛ እሱም አይታዘዝም።

አስፕሪን ዛሬ ለሕመም ብዙም አልሰጠውም። ዋና ሥራው በትንሽ መጠን፣ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም፣ የደም መርጋትን መከላከል ሆኗል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ሰዎች ኢቡፕሮፌን ሲያስፈልጋችሁ አስፕሪኑን አስቀድማችሁ ዋጡ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ኢቡፕሮፌኑን። ኢቡፕሮፌን ከቀደመ የአስፕሪኑን መቀመጫ ስለሚይዝበት ልብን መጠበቁ ይከሽፋል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለትኩሳት አስፕሪን አይሰጥም፤ ጉበትና አንጎልን የሚያጠቃ ብርቅ ግን ገዳይ ችግር ያስከትላል።

«መርፌ ጨጓራ አይነካም»

ይህን አባባል ከደብረ ሲና እስከ ምንጃር ሰምቼዋለሁ። ሰው ጨጓራው ሲያመው «እንግዲያው በመርፌ ውጉኝ» ይላል። ክኒኑ ጨጓራን የሚያቆስለው በመንካቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ግን መድኃኒቱ በደም ዞሮ ያንን የቤት ሠራተኛ ሲያስቆመው ነው፤ በደም ለመዞር ደግሞ መርፌም ሆነ በፊንጢጣ የሚገባው ያው ነው። በምግብ መውሰድም ማቃጠሉን ያቀልላል እንጂ ቁስሉን አያስቀርም።

መርፌው የሚቀድመው በፍጥነት ነው፤ ክኒኑ አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን እሱ በግማሽ ሰዓት ያደርሰዋል። ለኩላሊት ጠጠር ሕመም ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቆየ የጉልበት ሕመም ግን ምንም አይጨምርም። ቦታውን ስቶ የተወጋ የመቀመጫ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ሲነካ እግር ይጎተታል፤ መግል ይዞ የሚቀርም አለ። የዲክሎፍናክ መርፌ ከሁለት ቀን በላይ አይቀጠልም።

ጨጓራን የሚጠብቀው ኦሜፕራዞል ነው፤ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት። ከዚህ በፊት ጨጓራው የቆሰለ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) ወይም ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ሰው ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የግድ ከሆነበት ያለ ኦሜፕራዞል አይጀምር። የጨጓራ ባክቴሪያ ካለም አስቀድሞ ተመርምሮ ይታከም።

ግፊትና ኩላሊት

ይህን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። በአካባቢያችን ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ኢናላፕሪልና ውኃ የሚያሸና መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ፣ ይገኛሉ። ኩላሊት ደም የሚገባበትና የሚወጣበት ቀጫጭን ቧንቧ አለው። ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋዋል። የሚያሸናው መድኃኒት ወደ ውስጥ የሚመጣውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ዲክሎፍናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሲጨመር መግቢያውን ያጠብበዋል። በመግቢያ በኩል የተዘጋ፣ በመውጫ በኩል የተከፈተ መስኖ ምን ይቀረዋል? ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው የሚያስፈራው፤ ሰውየው ተቅማጥ ይዞት ወይም ውኃ ጠምቶት ከሆነ ደግሞ በእጥፍ።

ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ውኃ ጥም አናውቅም። ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ማሾ ሲያጭድ ወይም ሽንኩርት ሲያወጣ የሚውል ሰው ግን ላቡ ተንጠፍጥፎ ማታ ለወገቡ ዲክሎፍናክ ይውጣል። መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፤ ሽንቱ ነጣ ሲል ነው ክኒኑ የሚከተለው። ለእሱ ዓይነቱ ፓራሲታሞል ይሻለዋል።

በዚያው ቆላ ወባ አለ። ትኩሳትና ቁርጥማት አንድ ላይ ከመጡ ማስታገሻ ዋጥ አድርጎ ሥራ መግባት ቀን ያስበላል። ከምርመራ በፊት ፓራሲታሞል ይፈቀዳል፣ ምርመራው ግን አይቀርም።

ኢቡፕሮፌንና ዘመዶቹ ጨውና ውኃ በሰውነት ስለሚያስቀሩ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለው ሰው ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ማስታገሻ ሲውጥ እናገኘዋለን። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ሕመሙ ጉልበት ወይም የእጅ ጣት ላይ ከሆነ፣ የዲክሎፍናክ ቅባት እመርጥለታለሁ። ወደ ደም የሚገባው ከመቶ 6 አካባቢ ብቻ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ መቀባትና ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት መታገሥ ይጠይቃል። ለወገብ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ ሥሩ ጥልቅ ነው።

እርጉዝ፣ አስም ያለበት፣ ሕፃን

ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ከኢቡፕሮፌንና ከዘመዶቹ አንዱም ያለ ሐኪም አይወሰድም፤ የፅንሱን ኩላሊት አዳክመው የሽርት ውኃውን ያሳንሳሉ። ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ከመወለዱ በፊት መዘጋት የሌለበትን የፅንሱን የልብ ቧንቧ ሊዘጉ ይችላሉ። ለእርጉዝ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። ሐኪም ለደም ግፊት መከላከያ ያዘዘው ትንሽ አስፕሪን ለብቻው የሚታይ ስለሆነ በራስ ፈቃድ አይቆምም።

አስም ካለባቸው ሰዎች የተወሰኑት በአስፕሪንና በዘመዶቹ ትንፋሻቸው ይቆማል። አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው ሁሉንም ይራቅ።

ለሕፃን ኢቡፕሮፌን ሽሮፕ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 100 የሚለው ሽሮፕ ቢበዛ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሚለካው በመድኃኒት መስፈሪያ ነው፤ የቤት ማንኪያ እንደ ቤቱ ይለያያል። ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃንም ሆነ ተቅማጥና ትውከት ለያዘው ልጅ ኢቡፕሮፌን አይሰጥም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ቶንሲል ይዞት ከቆየ በኋላ ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን ካለ «ብርድ መቶት ነው» ብላችሁ ማስታገሻ አትግዙለት። የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ማስታገሻው ምልክቱን ሸፍኖ ያሳልፈዋል። በጊዜ የተደረሰለት ልጅ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ በሚወጋው ፔኒሲሊን ልቡ ይጠበቃል።

ጾም ላይ

ሁዳዴ ሲገባ ጨጓራ የሚያመው ደንበኛዬ ይበዛል። 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ጠዋት ላይ ዲክሎፍናክ መዋጥ ጨጓራን መፈተን ነው። የጾመኛ ሰዓት የሚስማማው እንዲህ ነው፦ ኢቡፕሮፌን 9 ሰዓት ላይ ከምሳ ጋር አንድ፣ ማታ 3 ሰዓት ከራት ጋር አንድ፤ ቀኑን በዚህ መሻገር ይቻላል። ጠዋት ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል በውኃ፤ ለታመመ ሰው ይህን የሚከለክል የንስሐ አባት አላጋጠመኝም፣ ጠይቋቸው። በረመዳን ደግሞ ናፕሮክሲን ይመቻል፤ አንዱ ከአፍጥር፣ አንዱ ከስሑር ጋር። ሌሊቱን በደንብ ውኃ መጠጣት ግን አይዘንጋ፤ ቀን ሙሉ የደረቀ ኩላሊት ነው መድኃኒቱን የሚቀበለው። ግፊትና ስኳር ያለበት ጾመኛ በዚህ አይሂድ፤ ፓራሲታሞል ይብቃው።

ከአሜሪካ የመጣው ጠርሙስ

አድቪልና ሞትሪን ኢቡፕሮፌን ናቸው። አሊቭ ናፕሮክሲን ነው። ታይለኖል ፓራሲታሞል ነው። ኤክሴድሪን አስፕሪን፣ ፓራሲታሞልና ካፌይን በአንድ ላይ የያዘ ነው። አድቪል ፒኤም የሚለው የእንቅልፍ መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሱ እናት ወስደውት ደጃፍ ላይ እንዳይወድቁ። እዚያ ያላችሁ ልጆች ስትልኩ በጠርሙሱ ላይ በአማርኛ የመድኃኒቱን ስምና «ከዲክሎፍናክ ጋር አይወሰድም» የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ ብትልኩ የምናየው ጉዳት በቀነሰ ነበር።

ሪህ ያልሆነው ሪህ

እኛ ጋ መገጣጠሚያ ሲያም ሁሉም ሪህ ነው፤ አጥንት ሲቆረጥም ሁሉም የብርድ ነው። እውነተኛው ሪህ ግን ዩሪክ አሲድ ተጠራቅሞ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በአንድ ሌሊት እሳት የሚያደርግ ነው። ለእሱ ናፕሮክሲን ወይም ኢንዶሜታሲን ለጥቂት ቀን፣ ወይም ኮልቺሲን ይሠራል። ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያም፣ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ግትር የሚል የአዛውንት ጉልበት የ‹ካርቲሌጅ›፣ ማለትም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ፣ ማለቅ ነው፤ ለእሱ ቅባት፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከር፣ ሲብስ ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሁለቱም እጅ የሚደርቅ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፤ ማስታገሻ ብቻ እየዋጡ ሲቆዩ መገጣጠሚያው ይበላል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ጋል ብሎ፣ ትኩሳት ከጨመረ ደግሞ መግል ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል።

በራስ ውሳኔ ለሕመም ከ10 ቀን፣ ለትኩሳት ከ3 ቀን በላይ አይወሰድም። ሰገራ ከጠቆረ፣ ቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰ፣ ሽንት ካነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ደረት ከጨነቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ መድኃኒቱ ይቁምና ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። መድኃኒት ቤት ስትመጡ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የግፊቱንም የስኳሩንም፣ ከነስትሪፑ ይዛችሁ ኑ። እኔ ከስሙ ይልቅ በጀርባው ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ነው የማነበው።

የተረፈውን ዲክሎፍናክ ለታመመ በሬ ውጋልኝ ብላችሁ የምትሰጡ አላችሁ፤ እሱንም ላንሣ። በሕንድና በፓኪስታን ዲክሎፍናክ የተወጉ ከብቶችን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው ደርቆ በሚሊዮን አለቁ። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። እኛ ጓሳ ላይ ገደሉን የሚዞሩትን ግዙፍ ወፎች አሁንም እያየን ነው። ለበሬያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ሜሎክሲካም እንዳለው ጠይቁት፤ እሱ ወፎቹን አይገድልም።